ከጓሮ ክሪክ ዳር ዋይት አልደር ልትከል ወይ ላለችው እህታችን

እህቴ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት ምክንያቱም አንድ ጥያቄ ቢመስልም ውስጡ አራት አምስት ጥያቄ አለ። ሌላውም እንዲገባው ባጭሩ ላስቀምጠው፦ ሰሜን ካሊፎርኒያ ሴራ ኔቫዳ ግርጌ አካባቢ ቤት ገዝታችኋል፣ በጓሮ በኩል ትንሽ ክሪክ (ጅረት) ያልፋል፣ ጥላ ይሰጥ የነበረው ትልቅ ዛፍ ወድቆ ቦታው ፀሐይ በፀሐይ ሆኗል፣ ሰው ደግሞ "ዋይት አልደር ትከዪ የቦታው ዛፍ ነው ቶሎ ያድጋል" ብሎሻል። ባለቤትሽ ሥሩ ፓይፕ ውስጥ ይገባል ብሎ ፈርቷል፣ ልጅሽ አለርጂ አለበት፣ አንቺ ደግሞ ጁላይ ላይ ቫኬሽን ስለምትወጪ ያኔ ሁለት ዛፍ አንዱን ክሪኩ ዳር አንዱን ፓቲዮው (ከቤቱ ጋር የተያያዘው የውጭ መቀመጫ) አጠገብ ሳሩ ላይ ልትከል ወይ ነው ያልሽው። እኔ የዛፍ ባለሙያ ነኝ፣ ሥራዬም ባብዛኛው ክሪክና ወንዝ ዳር የቦታውን ዛፍ መልሶ መትከል ስለሆነ ይሄ በጣም ልቤ ውስጥ ያለ ጉዳይ ነው፣ ትንሽ ቢረዝምብሽ ታገሺኝ።

መልሱን ቀድሜ ልንገርሽ። ክሪኩ ዳር ያሰብሽውን ትከዪ፣ ግን አንድ ነገር ካረጋገጥሽ በኋላ። ሳሩ ላይ ያሰብሽውን ተዪው። ጁላይ ደግሞ በፍጹም እንዳታስቢው።

ለምን መሰለሽ፣ ዋይት አልደር (የሳይንስ ስሙ አልነስ ሮምቢፎሊያ ነው፣ ነርሰሪ፣ ማለት ችግኝ መሸጫ ስትሄጂ ይሄን ስም ያዢው) ውሃ ይወዳል ብቻ ቢባል በቂ አይደለም። ተፈጥሮ ላይ የሚበቅልበትን ቦታ ብታዪ ከክሪኩ ከፍ ብሎ ሜዳው ላይ አታገኚውም፣ በጋ ላይ ውሃው አንሶ በሚቀመጥበት መስመር አጠገብ ጠጠሩና ድንጋዩ መሀል ነው ሥሩን ሰዶ የሚቆመው፣ አንዳንዱ እንዲያውም ሥሩ ውሃው ውስጥ ተንጠልጥሎ ይታያል። ከሱ ትንሽ ከፍ ብሎ ሳይከሞርና ኮተንዉድ የሚባሉት ዛፎች አሉ፣ ከዛም ከፍ ስትዪ ኦክ የሚባለው ዛፍ ይመጣል። ሁሉም እንደ ውሃ ፍላጎቱ ቦታ ቦታውን ይዞ ነው ያለው። ስለዚ እዚህ ወንዝ የሚያጠኑ ሰዎች ተደርድሮ የቆመ ዋይት አልደር ካዩ ይሄ ክሪክ ዓመቱን ሙሉ ውሃ አለው ብለው ነው የሚያስቡት፣ ሳይከሞርና ኮተንዉድ በጋ ላይ ላዩ ቢደርቅ ሥራቸው ጥልቅ ወርዶ የከርሰ ምድር ውሃ ይፈልጋል፣ አልደር ግን ሥሩ ባብዛኛው ከላይ ስለሆነ ውሃው ሲሸሸው ተከትሎት መውረድ አይችልም።

እንግዲ የምታረጋግጪው ነገር እሱ ነው። የናንተ ክሪክ ዓመቱን ሙሉ ይፈሳል ወይስ በጋ ላይ ይደርቃል? ቤቱን የገዛችሁት ማርች ላይ ነው ብለሻል፣ ማርች ላይ ደግሞ ሁሉም ክሪክ ወንዝ ይመስላል፣ በሱ እንዳትሸወዱ። ሴፕቴምበር መጨረሻ አካባቢ ዝናብ ሳይጀምር ውረጂና እዪው። ውሃው ቢያንስም እየፈሰሰ ከሆነ ጨርሰሻል፣ አልደር ይኖርበታል። ላዩ ደርቆ ከሆነ ልትተክዪ ያሰብሽበት ቦታ ላይ በአካፋ ግማሽ ሜትር ትንሽ ከዛ አለፍ አርገሽ ቆፍሪ፣ እርጥብ ጠጠር ወይም የሚሰበሰብ ውሃ ካገኘሽ ተስፋ አለው። እስከዛ ድረስ ዱቄት የመሰለ ደረቅ አፈር ከሆነ ግን እባክሽ አልደሩን ትተሽ ዌስተርን ሳይከሞር ወይም ፍሪሞንት ኮተንዉድ ትከዪ፣ እነሱም የቦታው ልጆች ናቸው፣ ጥላቸውም አይታማም። ዛፉ ላይ ጨክነን ውሃ የሌለበት ቦታ ካስቀመጥነው አምስት ስድስት ዓመት አምሮ ቆይቶ ልክ ጥላው ሲጀምር ነው የሚሞተው፣ ያ ደሞ ከሁሉ ያሳዝናል።

አሁን ስለ ጁላዩ። እኛ አበሾች ላይ በተደጋጋሚ የማየው ነገር ነው፣ ችግኝ ሲባል ጭንቅላታችን ውስጥ ያለው ሐምሌ ነው። አገር ቤት ልክ ነው፣ ሐምሌ ዝናቡ አለ መሬቱ ጠግቧል ደመናው ችግኙን ይሸፍነዋል። ካሊፎርኒያ ግን ተገልብጦ ነው ያለው፣ ዝናቡ የሚመጣው ብርዱ ጋ ከኖቬምበር እስከ ማርች ነው፣ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ጠብ የሚል ነገር የለም ማለት ይቻላል፣ ሙቀቱም የናንተ ሰፈር ከ38 ዲግሪ በላይ የሚወጣበት ቀን ብዙ ነው። ያኔ ቅጠሉን ሙሉ የያዘ ችግኝ ከፕላስቲክ አውጥተሽ ብትተክዪ ሥሩ ገና አፈሩን ሳይነካ ቅጠሉ ውሃ ይለምነዋል። ትክክለኛው ጊዜ ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ጃንዋሪ ነው። አልደር ቅጠሉን የሚያራግፍ ዛፍ ስለሆነ ያኔ ከላይ የተኛ ይመስላል ከታች ግን ዝናቡን እየጠጣ ሥር ይሰዳል፣ ሙቀቱ ሲመጣ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። የጁላይ እረፍትሽን የቤርሙዳ ሳርና ብላክቤሪ ቁጥቋጦ ለማጽዳት ተጠቀሚበት፣ እሱ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው።

ፓቲዮው አጠገብ ሳሩ ላይ ያልሽው ለምን እምቢ እንዳልኩ ላስረዳሽ፣ ምክንያቱም ነርሰሪም ላንድስኬፐርም ይሄን ስለማይነግሩሽ። ዋይት አልደር ቶሎ ስለሚያድግ (ውሃ ካገኘ በልጅነቱ በዓመት አንድ ሜትር አካባቢ ሊጨምር ይችላል) ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳር መሀልና ኮንዶ ግቢ ብዙ ተተክሏል፣ ሳሩ ስፕሪንክለር (ውሃ የሚረጭ መሣሪያ) ስላለው እሱም አብሮ ይጠጣ ነበር። ከ2012 እስከ 2016 ድርቁ ሲመጣ፣ በኤፕሪል 2015 ገዥው ጄሪ ብራውን የከተማ ውሃ በ25 ፐርሰንት ይቀነስ ብሎ ሲያዝ፣ ሰው መጀመሪያ የዘጋው የሳሩን ውሃ ነው። ሳሩን ነው የዘጋሁት ብሎ ያሰበው ሰው ዛፉንም ነበር የዘጋው። በስፕሪንክለር ያደገ አልደር ሥሩ ላይኛው አፈር ላይ ተጠቅልሎ ስለሚቀር ሌላ የሚሄድበት ቦታ የለውም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያወጣው የእፅዋት ውሃ ፍላጎት ዝርዝር ውስጥም ከፍተኛ ውሃ የሚፈልግ ተብሎ ነው የተመደበው፣ ማለት በየድርቁ ከመንግስትም ከውሃ ሂሳባችሁም ጋር የሚያጣላችሁ ዛፍ ነው የሚሆነው።

ውሃ ያጠረው አልደር ደግሞ በጥም ብቻ አይደለም የሚሞተው፣ ቦረር የሚባል ጥንዚዛ አለ፣ የአልደሩ የራሱ አለው፣ ቅርፊቱ ላይ እንቁላል ይጥልና ትሉ ከቅርፊቱ ሥር እየቆፈረ የዛፉን የምግብ መስመር ይቆርጣል። ጤነኛና ውሃ የጠገበ ዛፍ ትሉን በፈሳሹ ያፍነዋል፣ የተጠማ ዛፍ ግን የሚከላከልበት ነገር የለውም። ምልክቱን ልንገርሽ ለወደፊቱ ይጠቅምሻል፦ ግንዱ ላይ የሚያለቅስ ጥቁር እርጥብ ነጠብጣብ፣ ከቅርፊቱ ሥር እንደ ደም ሥር አበጥ ያለ ጠመዝማዛ መስመር፣ በኋላ ጥንዚዛው ሲወጣ ግማሽ ክብ የመሰለ ትንሽ ቀዳዳ፣ ከላይ ደግሞ ጫፉ ላይ ካለው ቅርንጫፍ ጀምሮ መድረቅ። ይሄን ካየሽ መድሃኒት ከመፈለግሽ በፊት ውሃውን እዪ፣ ባብዛኛው ችግሩ እዛ ነው። መቁረጥ ካለብሽም ኖቬምበርና ዲሴምበር ላይ ቁረጪ፣ ስፕሪንግና ሰመር ላይ ጥንዚዛው በሚበርበት ጊዜ ትኩስ ቁስል አትክፈቺለት።

ሌላም አለ፣ ሾት ሆል ቦረር የሚባለው ከውጭ የገባ ትንሽዬ ጥንዚዛ በ2003 ሎስ አንጀለስ ካውንቲ ውስጥ ነው መጀመሪያ የተገኘው፣ የሚያስገባው ፈንገስ ነው ዛፉን የሚያደርቀው፣ ዋይት አልደር ደግሞ ከሚራባባቸው ዛፎች አንዱ ነው። ስለዚ ከደቡብ ካሊፎርኒያ የማገዶ እንጨት ጭኖ የሚያመጣላችሁ ዘመድ ካለ እዛው አካባቢ የተቆረጠ እንጨት እዛው ይቅር በሉት፣ ትንሽ ነገር ይመስላል ግን ጥንዚዛው ረጅም መንገድ የሚጓዘው በሰው መኪና ነው።

ባለቤትሽ ስለ ፓይፑ የፈራው ልክ ነው፣ ግማሹን። የአልደር ሥር ደህና የሆነ ፓይፕ ሰብሮ አይገባም፣ ግን የተሰነጠቀ ወይም መጋጠሚያው የላላ የድሮ ሸክላ ፓይፕ ካለ እርጥበቱን ተከትሎ ይገባበታል፣ ገብቶም ይሞላዋል። ኮንክሪትም ያነሳል ምክንያቱም እንዳልኩሽ ሥሩ ከላይ ነው። ከቤት መሠረት፣ ከሱወር (የፍሳሽ) መስመርና ከፓቲዮ ቢያንስ አምስት ስድስት ሜትር፣ ቦታ ካለሽ ከዛም በላይ አርቂው። ሴፕቲክ (የግል የፍሳሽ ጉድጓድ) ካላችሁ ደግሞ ፍሳሹ ወደ አፈር ከሚሰርግበት ቦታ፣ ከሊች ፊልዱ ጭራሽ አታቅርቢው። ካደገ በኋላ ከ15 እስከ 25 ሜትር ቁመት ነው የምናወራው ስለዚ ከላይ የኤሌክትሪክ መስመር እንዳለ ቀና ብለሽ እዪ። አንድ ሐቅ ደሞ አልደብቅሽም፣ ረጅም ዕድሜ ያለው ዛፍ አይደለም፣ ኦክ ለልጅ ልጅ ይቆያል አልደር ግን መቶ ዓመት እምብዛም አይደርስም። እኔ ይሄን እንደ ጉድለት አላየውም፣ ክሪክ ዳር ሥራው ቶሎ መጥቶ ባንኩን (የክሪኩን ዳርቻ አፈር) መያዝ፣ ጥላ ሠርቶ ሌላው ከሥሩ እንዲበቅል ማድረግ ነው።

ግዢው ላይ ተጠንቀቂ። "አልደር" ብሎ የሚሸጥልሽ ብዙ ነው። ነርሰሪ ውስጥ ኢታሊያን አልደርና ብላክ አልደር የሚባሉ ከአውሮፓ የመጡ አሉ፣ ብላክ አልደሩ እንዲያውም የተለያየ አገር ወንዝ ዳር ተሰራጭቶ የቦታውን ተክል ያፈናቀለ ነው፣ ክሪክ ዳር እሱን መትከል ዘሩን ውሃው ይዞት ታች ድረስ እንዲወርድ መፍቀድ ነው። ሬድ አልደር ደግሞ የዚሁ አገር ነው ግን ባህር ዳር ጭጋግ ያለበት ቦታ ዛፍ ነው፣ የናንተ ሙቀት ይከብደዋል። ሬዱን ከዋይቱ የምትለዪው ቅጠሉን ገልብጠሽ ጠርዙን በጣትሽ ስትነኪው ነው፣ የሬዱ ጠርዝ ወደታች ተጠቅልሎ ትንሽ ክር የገባበት ጨርቅ ጠርዝ ይመስላል፣ የዋይቱ ግን ዝርግ ነው። የካሊፎርኒያ ተክል ብቻ ከሚሸጥ ነርሰሪ ግዢ፣ ዘሩ ከየት እንደተሰበሰበ ጠይቂ፣ ካንቺ ክሪክ ተፋሰስ ቅርብ በሆነ ቁጥር የተሻለ ነው።

ትልቅ እንዳትገዢ ደሞ። በትልቅ ሳጥን የሚመጣውን ሦስት ሜትር ዛፍ ስታዪ ጊዜ የቆጠብሽ ይመስልሻል፣ ግን ሥሩ ሳጥን ውስጥ ዞሮ ዞሮ የታነቀ ነው፣ ለመላመድም ዓመታት ይፈጅበታል፣ አንድ ጋሎን በሚይዝ ዕቃ ውስጥ ያለው ትንሹ ችግኝ ቶሎ ደርሶት ያልፈዋል። ጎርፍ ሲመጣም ትንሹ ተጣጥፎ ያሳልፈዋል ትልቁ ግን ይነቀላል። ከገዛሽ በኋላ ከፕላስቲኩ አውጪና ሥሩን እዪው፣ ነጭና ጠንካራ ይሁን፣ ቡኒ ሆኖ ሲነካ የሚላጥ ወይም የሚሸት ከሆነ መልሺው። ፋይቶፍቶራ የሚባል የሥር በሽታ በነርሰሪ ችግኝ ነው ባብዛኛው ወደ ተፈጥሮ ቦታ የሚገባው፣ አንዴ ክሪክ ውስጥ ከገባ ማውጣት የለም።

አንዳንዱ ቅርንጫፍ ቆርጬ ብሰካስ ይላል። አገር ቤት አኻያ ቆርጠሽ እርጥብ መሬት ላይ ብትሰኪው ይይዛል አይደል፣ እዚህም የሱ ዘመድ ዊሎው እንደዛው ነው፣ አልደር ግን በዛ መንገድ አይዝም ማለት ይቻላል። በዘር ነው። ኦክቶበር አካባቢ ትንንሽ ኮኖቹ (ዘሩን የያዙት ፍሬዎች) ከአረንጓዴ ወደ ቡኒ ሲቀየሩ ሳይከፈቱ ለቅመሽ ወረቀት ከረጢት ውስጥ ብታስቀምጪያቸው ደርቀው ዘሩን ያራግፋሉ፣ ዘሩ ደቃቅ ነው፣ እርጥብ አፈር ላይ በተን አርጊው እንጂ አትቅበሪው፣ ብርሃን ይፈልጋል። ሁሉንም አትልቀሚ ግን፣ የብርዱን ወራት ሙሉ ጎልድፊንችና ሲስኪን የሚባሉት ትንንሽ ወፎች ከዛ ኮን ላይ ነው ዘር የሚለቅሙት።

ተከላው ራሱ ቀላል ነው። ጉድጓዱ ከሥሩ ጥልቀት አይበልጥ፣ ስፋቱ ግን ሁለት እጥፍ ይሁን፣ ግንዱ ወደ ሥር የሚሰፋበት ቦታ ከአፈሩ ከፍ ብሎ ይታይ። የወጣውን አፈር ያንኑ መልሺበት፣ ኮምፖስትም ማዳበሪያም አትጨምሪ። ማዳበሪያ ለምን እንዳልኩሽ ደስ የሚለኝ ክፍል ነው። አልደር ሥሩ ላይ ብርቱካንማ ቡኒ የሆነ ትንንሽ እብጠት አለው፣ እዛ ውስጥ ፍራንኪያ የሚባል ባክቴሪያ ይኖራል፣ ከአየር ላይ ናይትሮጅን እየያዘ ለዛፉ ይሰጠዋል፣ ዛፉ ደግሞ ስኳር ይሰጠዋል። ለዛ ነው ባዶ ጠጠር ላይ ከምንም ተነስቶ የሚያድገው። ናይትሮጅን ከውጭ ስትሰጪው ያንን ጓደኝነት ይቀንሰዋል። ቅጠሉም ሲረግፍ ናይትሮጅኑን እንደያዘ ነው የሚወድቀው፣ ውሃው ውስጥ ያሉ ነፍሳት ያንን ይበላሉ፣ ነፍሳቱን ዓሣው ይበላል፣ ጥላው ደግሞ ትራውት የመሰሉ ዓሦች የሚፈልጉትን ቀዝቃዛ ውሃ ይጠብቃል። አንድ ዛፍ ክሪክ ዳር ስትተክዪ ውሃው ውስጥ ላሉትም ነው የተከልሽው። ነርሰሪ ያደገው ችግኝ እብጠቱ ከሌለው እዛው ክሪክ ላይ ካለ ጤነኛ አልደር ሥር አንድ እፍኝ አፈር ወስደሽ ጉድጓዱ ውስጥ ጨምሪ፣ ከሌላ ክሪክ ግን አታምጪ፣ በሽታ አብሮ ይመጣል።

ቦታውን ስትመርጪ ክሪኩ የሚታጠፍበት ጋ እዪ። ውሃው የሚገፋውና የሚሸረሽረው የውጨኛው መታጠፊያ ላይ ትንሽ ችግኝ አይቆምም፣ እዛ መጀመሪያ ዊሎው ሰኪ። አልደሩን ውሃው ጠጠርና አሸዋ አስቀምጦ የሚሄድበት የውስጠኛው በኩል፣ ከበጋው ውሃ ትንሽ ከፍ አርገሽ ትከዪው። የቆመና የሚሸት ውሃ ያለበት ጋ አይሆንም፣ የሚንቀሳቀስ አየር ያለው ውሃ ነው የሚፈልገው። አጋዘን ካላችሁ ለሁለት ሦስት ዓመት ሽቦ አጥር ዙሪያውን። ማልች (አፈሩን የሚሸፍን የእንጨት ፍርፋሪ ወይም ቅጠል) አምስት ሰባት ሳንቲሜትር፣ ግንዱን ግን አይንካው። ክሪክ ዳር ስለሆነ ራሱን ይችላል ብለሽ ደሞ እንዳትተዪው፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች ሥሩ ውሃው ጋ እስኪደርስ በሳምንት ሁለት ሦስቴ አምስት ጋሎን ቀስ እያልሽ አጠጪው፣ ግንዱ ላይ ሳይሆን ዙሪያው ላይ።

ውሃውን ከክሪኩ በፓምፕ እስባለሁ ካልሽ ግን ቁሚ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ፊሽ ኤንድ ጌም ኮድ ሴክሽን 1602 የሚባል ሕግ አለ፣ የክሪክ ወለልና ባንክ ከመቀየር፣ ውሃውን ከማዞር፣ ድንጋይም አፈርም እዛ ከመድፋት በፊት ለፊሽ ኤንድ ዋይልድላይፍ ዲፓርትመንት ማሳወቅ ግዴታ ነው፣ የግል ግቢሽ ውስጥ ቢሆንም። ችግኝ በአካፋ መትከል ሌላ ነገር ነው፣ ግን የወደቀውን ዛፍ በኤክስካቫተር ላውጣ ወይም ባንኩን ላስተካክል ካላችሁ መጀመሪያ ደውሉ፣ ካውንቲያችሁም የራሱ የክሪክ ርቀት ደንብ ሊኖረው ይችላል። የወደቀው ዛፍ ቤት ላይ የሚያሰጋ ካልሆነ እዛው ብትተዉት ደሞ እኔ ደስ ይለኛል፣ ዓሣው ከሥሩ ይጠለላል።

የልጅሽ ነገር፣ የአልደር ፖለን (የአበባ ብናኝ) አለርጂ ከሚያስነሱት መሀል ጠንከር ካሉት ነው፣ ከጃንዋሪ እስከ ማርች ነው የሚበነው፣ በነፋስ ስለሚሄድ ያንቺን ባትተክዪም ክሪኩ ላይ ሌላ አልደር ካለ ይደርሰዋል። ቢሆንም ከመግዛትሽ በፊት ሐኪሙ የዛፍ ፖለን ቴስት ሠርቶለት ከሆነ አልደር ወይም በርች የሚል ውጤቱ ላይ እንዳለ እዪ፣ ሁለቱ ዘመድ ስለሆኑ ላንዱ የሚያስነጥሰው ላንዱም ሊያስነጥሰው ይችላል። ውጤቱ ላይ ካለና ከባድ ከሆነ እኔ ብሆን የልጁ መኝታ መስኮት አጠገብ ያለውን ባንክ ትቼ ታች ራቅ ያለው ጋ ነው የምተክለው፣ ወይም ሳይከሞሩን እመርጣለሁ።

ለጊዜው ሴፕቴምበር ላይ ወርደሽ ክሪኩን እዪና ውሃ እንዳለ፣ ጉድጓዱ ስንት ላይ እርጥበት እንዳገኘ፣ አፈሩ ጠጠር ይሁን ጭቃ ጻፊልኝ። ላይኛው በኩል ያረጀ አልደር ካለም ቅጠሉን ገልብጠሽ ጠርዙን በቅርብ ፎቶ አንሺው፣ ዋይት ከሆነ ዘሩን ከዛው እንለቅማለን፣ ችግኝ መግዛትም ላያስፈልግሽ ይችላል።